የቤት ቁጥር

መሪ አልቀጠርኩም፣ አልገዛሁም ካርታ፤
ከሣጥን አወጣሁ የቆየ ፖስታ፤
ውስጡ ደረሰኝ ነው፣ አይጥ ጠርዙን የበላው፣
በካርቦን ተጽፎ ዘመን ያደበዘዘው።
ደሴን በሱ ልዙር፣ በቁጥር በቁጥር፣
አባቴ በቆመባት በያንዳንዷ በር።

አባቴ ይመር ነው፣ የገብረኪዳን ልጅ፤
ቦርሳውን አንግቶ፣ ከደጅ ወደ ደጅ፣
ኪራይ የለቀመ ሃያ ሁለት ዓመት፣
ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ፣ በጭቃ በዳገት።
ደመወዝ የመጣ ለት እናቴ ስትቆጥር፣
«ዛሬም ሁለት ብር ጎደለ፣ አንተ ይመር!»
እሱ ቆቡን አንስቶ ይቦርሻል ዝም ብሎ።
ከኔ እኩል አደገ ያ ጥል፣ እቤት ውሎ።

ከፒያሳ ጀመርኩ። ዘጠና ሦስት ቁጥር፤
የየመን ነጋዴ ያቆመው ነው በክብር፤
ሰገነቱ ጥርብ፣ መስኮቱ ባለ ቅስት፣
አዳራሹ ዛሬ የስምንት አባወራ ቤት።
አንዲት እናት ራርታ «ግቢ» አለችኝና
ጣሪያውን አየሁት ብዬ ቀና ቀና፦
የወይን ሐረግ ሥዕል፤ ቀለሙ ቢገረጥም
ከሷ አልጋ በላይ ነው ግንዱ፣ አልጠፋም፤
ቺፑዱን ተሻግሮ ጎረቤት ይዘልቃል።
«እኔ ግንዱን ይዤ ሃያ ዓመት ስኖር
ዘለላው የነሱ!» ሳቀች በነገር።

መቶ ሁለት ቁጥር የቀኛዝማች ቤት ነው፤
ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ዘንዶ ነው ያለው፣
የዝናብ አሸንዳ፣ አፉን የከፈተ፣
ሹም ሲሻር፣ ሹም ሲሾም ሲተፋ የሸበተ።
ዛሬ ከሥሩ ያለው ቢጫ ጀሪካን ነው፤
ቧንቧው የደረቀበት ሰፈር ይጠብቀው።

መቶ አሥራ አንድን ፈልጌ አጣሁት።
መስተዋት ቆሟል፣ ባለ ስድስት ፎቅ።
ዘበኛው ጠየቀኝ፦ «ማንን ነው፣ እህቴ?»
«መቶ አሥራ አንድን።»
አሰብ አደረገ፤
«እንጃ፣ ሞቷል መሰል… እኔ አዲስ ነኝ» አለ።

መቶ አርባ፤ በጥሊያን ጊዜ የተሠራ፤
ልብስ ሰፊው ሙሄ ከነመኪናው ተራ
ይዟል በረንዳውን። ውስጥ፣ የእሳት ምድጃ፣
እብነ በረድ ለብሶ፤ አፉ ግን የብጣሽ ጨርቅ ማስቀመጫ።
«ብርድ ሲመጣስ?» አልኩት።
«ጋቢ አለ አይደል እንዴ?»

ሸዋበር ጫፍ ወጣሁ፣ መጨረሻው ቅጠል።
ከሁሉ የገዘፈ፣ ፀሐይ የሚከልል፤
ደረጃው ሁለት ነው፣ ግራና ቀኝ ወጥቶ
እላይ የሚገናኝ፣ እንደ ታረቀ ሰው፤
በሩ ላይ የሮማን አበባ የቀረጸው
እጅ ምን ያህል ታግሶ ይሆን አልኩ፣ ቆሜ።
ደረሰኙ ግን ስለ ፎቁ አይናገርም፦
«ሁለት መቶ ስምንት፣ ማድቤት፣ ብር ሁለት።
ተከራይ፦ ጦይባ አሊ።» ወር በወር፣ ላሥራ አንድ ዓመት።

ማድቤቷ ከጓሮ፣ ጠቁሯል ግድግዳዋ፤
ልብስ የምታጥብ ሴት፣ ዘነቡ ነው ስሟ፣
«እትየ ጦይባ?» አለች፣ «የግቢው እመቤት?
ቤቱ ሲወረስ ጊዜ ማድቤቱን ሰጧት፤
በገዛ ማድቤቷ ተከራይ ሆና ኖረች።
ኪራይ ግን እንጃላት! ሳትከፍል ነው የሞተች፣
ማንም አልጠየቃት፣ ረስተዋት ነው መሰል።»

ደረሰኙን ገለጥኩ። «ተከፍሏል» ይላል።
ሌላም ገጽ። «ተከፍሏል»። «ተከፍሏል»።
ከጎኑ ፊርማ አለ፤ የጦይባ አይደለም፤
አንገቷን የሰበረች አንዲት «ይ» ናት፤
በትምህርት ካርዴ ላይ፣ «ወላጅ» ካለው በታች፣
ዓመት አልፎ ዓመት እየተጎነበሰች
የጠበቀችኝ «ይ»።

ሁለት ብር።

እናቴ የለችም፤ አፈር ከበላት ስድስት ክረምት ነው፤
ይኼን ሒሳብ ታዲያ ከማን ላወራርደው?

ዘነቡ በቀሚሷ እጇን አደረቀች፤
ጥራዙን አየችው፣ ፈራ ተባ አለች፦
«ከቀበሌ ነሽ ወይ? ኪራይ ሊጨመር ነው?»
«አይ፣ የድሮ ነው» አልኳት። «የድሮ ዕዳ ነው።
የተከፈለ ነው።»